«ውሻ ያዙልኝ»፦ የውሻ ገመድና የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንግዳ ወደ ሰው ግቢ ሲቀርብ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ» ብሎ መጣራቱ የቆየ ወግ ነው። አባወራው፣ እማወራዋ ወይም ከልጆቹ አንዱ ወጥቶ ውሻውን እስኪይዝ ድረስ እንግዳው ከደጃፍ አያልፍም። ተጣርቶ ሳለ ቢነከስ ነቀፋው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ሳይሆን በቤቱ ጌታ ላይ ነው። በዚህች አጭር ጥሪ ውስጥ አንድ ሙሉ ሕግ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ውሻው ባለቤት አለው፣ የመያዙ ግዴታ የባለቤቱ ነው፣ ባይያዝ የሚደርሰው ጉዳትም በባለቤቱ ይቆጠራል።

ሆኖም ይህ መልካም ወግ የሚሠራው በደጃፍ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ፣ በገበያ መካከል፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዙሪያ፣ በትምህርት ቤት አጠገብና በወንዝ ዳር «ያዙልኝ» ተብሎ የሚጠራ ሰው የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከውሻ ወደ ውሻ የሚዛመተው ውሾች እንደ ልብ በሚገናኙባቸው በእነዚሁ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ውሻ በአደባባይ በገመድ ይያዝ ወይስ ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ ለአንዳንዱ የከተማ ሰው የጸጥታ ወይም የንጽሕና ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ለጤና ባለሙያ ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ ያልተገኘለትን በሽታ የመከላከል ጉዳይ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በተለያዩ አገሮችና ዘመናት ገመድም፣ የአፍ ማሰሪያም፣ መርዝም፣ ክትባትም ተሞክረዋል። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ሙከራዎች ታሪክ በአጭሩ ይቃኛል፤ ከዚያም ታሪኩ በሐሙሲትና በደብረ ታቦር ዙሪያ ላሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ በአጠቃላይም ለኢትዮጵያ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ይመረምራል።

የጥንት ሕግጋት ስለ ውሻ ባለቤት

የእብድ ውሻን ጉዳይ በሕግ ከደነገጉት ጽሑፎች መካከል ከጥንታውያኑ አንዱ በዛሬዋ ኢራቅ ምድር የነበረችው የኤሽኑና መንግሥት ሕግ ነው። ከ3,700 ዓመታት በፊት ገደማ በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈው ይህ ሕግ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በባግዳድ አቅራቢያ በተደረገ ቁፋሮ ነው። በድንጋጌው መሠረት ውሻው ማበዱን ሹማምንት ለባለቤቱ አስታውቀውት ሳለ ባለቤቱ ሳይጠብቀው ቢቀርና ውሻው ሰው ነክሶ ቢገድል፣ ባለቤቱ 40 ሰቅል ብር እንዲከፍል ይገደዳል። የሞተው ባሪያ ከሆነ ካሳው ወደ 15 ሰቅል ይወርዳል። የሰው ዋጋ በእንዲህ ያለ ልዩነት መተመኑ ዛሬ የሚዘገንን ቢሆንም፣ ለጤና ታሪክ ግን ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። የውሻ ማበድና የሰው ሞት ተያያዥ መሆናቸው በዚያ ዘመን ይታወቅ ነበር፤ ባለቤቱ ተጠያቂ የሚሆነውም ከተነገረው በኋላ ውሻውን ባለመያዙ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነው አምሳያ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 የሚገኘው የተዋጊ በሬ ሕግ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ባይጠብቀውና ሰው ቢገድል ዕዳው ወደ ባለቤቱ ይዞራል። እዚህም ላይ የጥፋቱ ምንጭ እንስሳው ሳይሆን እያወቀ ያልጠበቀው ሰው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህም ራቅ ብሎ ሄዷል። በሕጉ አንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው ድንገት ያመለጠው ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ቢሆንም እንኳ ከኃላፊነት አይድንም። በሌላ አነጋገር «አምልጦኝ ነው» የሚለው ምክንያት በሕግ ፊት ባለቤቱን አያድነውም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታዎችን ስለ መከላከልና ስለ መቆጣጠር የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ደግሞ ጉዳዩን ከግለሰብ ካሳ አልፎ የመንግሥት የበሽታ ቁጥጥር ሥራ አድርጎታል። እንግዲህ ክፍተቱ ከሕግ እጦት ብቻ የመጣ አይደለም። ካሳ የሚጠየቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ግን ከጉዳቱ በኋላ በሚከፈል ካሳ የሚመለስ ነገር የለውም።

የደቡብ ጎንደር ደጋና ውሻው

ሐሙሲት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በደራ ወረዳ ውስጥ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ የሐሙስን ገበያ ያስታውሳል። ከእርሷ አልፎ ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል የምሥራቁ ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያም ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ በጎን እያሳየ ወደ ጋይንት ይዘልቃል። በዚህ ምድር የገበሬው ቤት ተበታትኖ የተሠራ፣ ከብቱና እህሉም በግቢው ውስጥ የሚያድር በመሆኑ ውሻ የቅንጦት እንስሳ አይደለም። ሌባን የሚያስደነግጠው፣ ጅብን ከበረት የሚያርቀው፣ ዝንጀሮን ከማሳ የሚያባርረው እርሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ ከቤተሰቡ ትራፊ እየበላ ለዚያው ቤተሰብ ይጮኻል።

የአያያዙ ልማድም ከዚህ ተግባሩ የተቀዳ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ክፉ ውሻን ቀን ቀን በገመድ ወይም በሰንሰለት አስረው ያውሉትና ሲመሽ ይፈቱታል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ሌሊት ንቁ ጠባቂ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። የዋህ የሚባለው ውሻ ግን ቀንም ሌሊትም የሚያስረው የለም፤ ከእረኛው ጋር ወደ ግጦሽ ይወርዳል፣ ከጌታው ጋር ወደ ገበያ ይሄዳል፣ በማኅበርና በሠርግ ቀን አጥንት ፍለጋ ከመንደር መንደር ይዞራል። ከዚህም የተነሳ በደጋው መንገድ ላይ ብቻውን የሚታየው ውሻ ብዙውን ጊዜ ባለቤት የሌለው ባዘቶ ሳይሆን፣ ባለቤት ያለው ነገር ግን ያልተያዘ ውሻ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም በበሽታው ቁጥጥር ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ ባለቤት ያለውን ውሻ ለማስከተብ የሚጠየቅ ሰው አለና።

ከውሻ ጋር በየዕለቱ የሚፋጠጡት እነማን ናቸው? ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው የቆሎ ተማሪ ነው። ደቡብ ጎንደር የጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እምብርት ነው፤ የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ሁለቱም በጋይንት ምድር ይገኛሉ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ ከቤት ወደ ቤት ቁራሽ ሲለምን ዋና ባላጋራው ውሻ ነው። የተማሪና የውሻ ጠብ በቀልድም በተረትም የሚነገረው ተማሪው በየቀኑ የሚገጥመው እውነተኛ አደጋ በመሆኑ ነው። ከዚህ ቀጥሎ እረኛው ልጅ፣ ውሃ የምትቀዳው ልጃገረድ፣ በነሐሴ ወር ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩ በጨለማ በየደጁ የሚዞሩት ልጆች ይመጣሉ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች የምታስተምረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከእነዚሁ ወገን ተደምራለች። በዓለም አቀፍ ደረጃም በእብድነት በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች መካከል 40 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች መሆናቸውን የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል።

አዲስ አበባ፣ ፓስተርና የበግ አንጎል ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ከሚፈሩት በሽታዎች አንዱ ነበር። በብራና ላይ በተጻፉት የባህል መድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ለእብድ ውሻ ንክሻ የታዘዙ ልዩ ልዩ የዕፅዋት ቅመሞች ይገኛሉ፤ ጠበልም የብዙዎች መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። አኸያና ወገርትን የመሳሰሉ ዕፅዋት በዘመናችን በቤተ ሙከራ በአይጦች ላይ ተፈትነዋል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ለተነከሰ ሰው ክትባትን ሊተካ የሚችል ዕፅ አልተገኘም። የባህል ሐኪሙ ዝና ያልቀነሰበት አንዱ ምክንያት በራሱ በበሽታው ባሕርይ ውስጥ አለ። በበሽታው በተያዘ ውሻ ከተነከሱት ሰዎች መካከል ሁሉም አይታመሙም፤ ያላበደ ውሻ የነከሰውም ብዙ ነው። እነዚህ በሕይወት ሲቆዩ ምስጋናው ለተሰጣቸው ሥር ይሆናል። የሞተው ግን «ዘግይቶ ነው የመጣው» ይባላል።

በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው ትልቅ ወረርሽኝ የደረሰው በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. መገባደጃ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ሰው በፍጥነት ተሰብስቦ፣ ቆሻሻ የማንሳቱ ሥራ ለውሻና ለጅብ በተተወባት አዲስ ከተማ በሽታው መንገድ ማግኘቱ አያስደንቅም።

ከዚህ 18 ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885፣ ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በፓሪስ ከትቦ ነበር። ልጁ በሽታው ሳይዘው ቀረ። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው በሽታው ከመነሳቱ በፊት በክትባት ሊድን እንደሚችል ከዚህ ቀን ወዲህ ታወቀ። ምክንያቱም ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል የሚጓዝ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ፋታ ይሰጣል። ሰውነት በክትባቱ መከላከያውን የሚያዘጋጀው በዚህ ፋታ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ተቋሙ በየዘመኑ ስሙና አደረጃጀቱ እየተለወጠ በ1988 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ተቋማት ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተባለ። ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት አገሪቱ የተጠቀመችበት ክትባት ጣሊያናዊው ሐኪም ክላውዲዮ ፌርሚ እ.ኤ.አ. በ1908 ባስተዋወቀው ዘዴ የሚዘጋጅ ነበር። ቫይረሱ በበግ አንጎል ውስጥ ይራባል፣ ከዚያም በፌኖል ይዳከማል። ለተነከሰው ሰው ለ14 ተከታታይ ቀናት በሆድ ቆዳ ሥር ይወጋል፤ ማጠናከሪያ መርፌዎችም ይከተላሉ።

ይህ ክትባት የብዙ ኢትዮጵያውያንን ሕይወት እንዳተረፈ አይካድም። ይሁን እንጂ ከአንጎል ቅሪት የተነሳ አልፎ አልፎ የነርቭ ጉዳት ያስከትል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በብራዚል ፎርታሌዛ ከተማ በዚሁ ዘዴ የተዘጋጀ ክትባት በሚገባ ያልሞተ ቫይረስ ይዞ በመገኘቱ 18 ሰዎች በክትባቱ ምክንያት በበሽታው ሞተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ከነርቭ ሕብረ ሕዋስ የሚሠሩ ክትባቶች እንዲቀሩ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲመክር ቢቆይም፣ ኢትዮጵያ በአቅም ምክንያት ከዚያ በኋላ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ስትጠቀምበት ቆይታ በሕዋስ ማሳደጊያ ወደሚዘጋጀው ክትባት ካለፉት የመጨረሻዎቹ አገሮች አንዷ ሆናለች።

ለደጋው ገበሬ ከመርፌው ሕመም ይልቅ የሚከብደው ቀኑ ነበር። በእርሻ ወቅት 14 ቀን ተመላልሶ ወይም ከተማ ተቀምጦ መከተብ ማለት ማሳን ለአረም መተው፣ ለዘመድ ቤት ሸክም መሆንና ጥሪትን መጨረስ ነው። በአዲሱ ክትባት የመርፌው ቁጥር ወደ አራት፣ በቆዳ ውስጥ ሲሰጥ ደግሞ ወደ ሦስት ቀን ጉብኝት ቢወርድም ዋጋውና አቅርቦቱ አሁንም ቀላል አይደለም። የተነከሰውን ሁሉ በሰው ክትባት ብቻ ለማዳን መሞከር በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ዕቃ እያቀያየሩ ጠብታ እንደ መቀበል ነው። ጣሪያው ራሱ የሚጠገነው በውሻው በኩል ነው።

ገመድ፣ መርዝና ክትባት በሌላው ዓለም

በውሻው በኩል የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ የተካሄደው በብሪታንያ ነው። የእርሻ ቦርዱ ኃላፊ ዋልተር ሎንግ እ.ኤ.አ. በ1897 በሽታው በታየባቸው ወረዳዎች ማንኛውም ውሻ በአደባባይ የአፍ ማሰሪያ እንዲደረግለት አዘዙ። ከውጭ የሚገቡ ውሾችም ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። ትእዛዙ ከባድ ተቃውሞ ገጠመው፤ የውሻ ወዳጆች ማኅበራት በእንስሳ ላይ የተፈጸመ ጭካኔ ነው ብለው ሎንግን አወገዙ። ከዚያ ቀደም የወጡ ተመሳሳይ ትእዛዞች በሕዝብ ግፊት ሲነሱ በሽታው መልሶ ያገረሽ ስለ ነበር በዚህ ጊዜ መንግሥት አቋሙን አላላላም። እ.ኤ.አ. በ1902 በሽታው ከአገሪቱ ጠፋ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በድብቅ በገቡ ውሾች እ.ኤ.አ. በ1918 ተመልሶ ቢገባም በተመሳሳይ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ1922 እንደገና ተወግዷል።

ይህ ድል የተገኘው የውሻ ክትባት በሌለበት ዘመን ነው። ስለዚህ ውሻን በአደባባይ መቆጣጠር ብቻውን በሽታን ሊያጠፋ እንደሚችል ያስረዳል። ነገር ግን ብሪታንያ በባሕር የተከበበች ደሴት ናት፤ በየመንገዱ ትእዛዙን የሚያስከብር ፖሊስ ነበራት፤ በሽታውን የሚያስተናግድ የዱር እንስሳም አልነበራትም። እነዚህ ሁኔታዎች በሌሉበት አገር ገመዱ ብቻውን ያንኑ ውጤት ያመጣል ብሎ መጠበቅ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ማንበብ ነው።

የታሪኩ ሁለተኛ ምዕራፍ የተጀመረው በጃፓን ነው። ኡሜኖና ዶይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1921 ለውሻ የሚሆን ክትባት አስተዋወቁ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው ሕግ የውሻ ምዝገባን፣ ክትባትንና ያልተያዙ ውሾችን መያዝን በአንድነት ደነገገች፤ በሰባት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ በሽታው ከአገሪቱ ጠፋ። በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተካሄደው የጅምላ ክትባትም ወረርሽኙን በአጭር ጊዜ ገታው። ከእንዲህ ያሉ ልምዶች ተነስቶ ከውሾች ቁጥር 70 ከመቶ ያህሉን መከተብ የበሽታውን ሰንሰለት ይበጥሳል የሚለው መመሪያ ተቀረጸ። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ባካሄደችው የጅምላ ክትባት፣ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ በማጥፋት የዓለም የጤና ድርጅትን ማረጋገጫ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዓለም ቀድማ ተቀበለች።

መርዝስ? በኢንዶኔዥያ የባሊ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገባ የመጀመሪያው ምላሽ ውሾችን በገፍ መግደል ነበር፤ በሽታው ግን መስፋፋቱን አላቆመም። የቀነሰው እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደሴቱን ያዳረሰ ክትባት ከተሰጠ በኋላ ነው። አዲስ አበባን ጨምሮ በኢትዮጵያ ከተሞችም የባዘኑ ውሾችን በመርዝ የማጥፋት ዘመቻ ለዓመታት ሲካሄድ ኖሯል፤ ችግሩ ግን አሁንም አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሻ የሞተበት መንደር ብዙም ሳይቆይ ሌላ ውሻ ያመጣል፤ የሚተካውም ያልተከተበ ቡችላ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ውሻ ነው። መርዙ ደግሞ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ውሻው የሚገደልበት ባለቤት በሚቀጥለው ጊዜ መንግሥት ሲጠራው ውሻውን ይደብቃል እንጂ ለክትባት አያመጣም።

ገመዱ በኢትዮጵያ ምን ይሠራል?

በኢትዮጵያ በየዓመቱ 2,700 ያህል ሰዎች፣ በዓለም ደግሞ 59,000 ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከእነዚህም 99 ከመቶ ያህሉ በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በጎረቤቱ በሰሜን ጎንደር ዞን የተካሄደ ጥናት፣ በዓመት ከ100,000 ሰዎች 2.33፣ ከ100,000 ውሾች ደግሞ 413 ያህሉ በበሽታው እንደሚያዙ አስልቷል፤ ለሞት ያበቁት የሰው ሕመሞች ሁሉ መነሻም የውሻ ንክሻ ነበር። ቀንድ ከብት፣ በተለይም አህያ፣ በቅሎና ፈረስ ከጉዳቱ አላመለጡም። በሬውንና አህያውን ላጣ ገበሬ ይህ የእርሻው መቆም ነው።

ከላይ የተቃኘው ታሪክ በሽታውን የሚያጠፋው ክትባት መሆኑን ያሳያል። ታዲያ ገመዱ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ ከክትባት ጣቢያው ተግባር ይገኛል። በሕይወቱ ሙሉ በገመድ ተይዞ የማያውቅ ውሻን ለመከተብ መሞከር አስቸጋሪ ነው፤ ባለቤቱ እንኳ ሊጎትተው አይችልም፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሊይዘው አይደፍርም። በገመድ መመራትን ከቡችላነቱ የለመደ ውሻ ግን አንድ ልጅ እየመራ ወደ ክትባቱ ያመጣዋል። እንግዲህ የ70 ከመቶ ግብ የሚሳካው በክትባቱ ብልቃጥ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሊያዙ በሚችሉ ውሾች ብዛትም ነው። የገመዱ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ከንክሻ በኋላ ይታያል። በደጋው መንደር ውሻ ሰው ሲነክስ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይቀጠቅጠውና ሬሳውን ገደል ይጥለዋል። በዚህ ሥራ ለተነከሰው ሰው እጅግ የሚያስፈልገው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየና በደኅና መያዝ ከተቻለ ለ10 ቀናት ታስሮ መጠበቅ ይኖርበታል። ቫይረሱ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ምልክቱ ከመታየቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ በመሆኑ፣ በነከሰበት ጊዜ የሚያስተላልፍ የነበረ ውሻ በ10 ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። በአሥረኛው ቀን በጤና ከቆመ የተነከሰው ሰው የጀመረውን ክትባት ማቋረጥ ይቻላል፤ ለሌላ ሰው የሚበቃ መድኃኒት ይተርፋል፣ ቤተሰቡም ከሥጋት ያርፋል። ውሻው ማበዱ በግልጽ ከታየ ግን ለማሰር መሞከር አደገኛ ነው፤ ሲገደልም ጭንቅላቱ ሳይፈረካከስ በብርድ ተጠብቆ ለቤተ ሙከራ እንዲደርስ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን መጥራት ያስፈልጋል። በማንኛውም ሁኔታ የሰውየው ሕክምና ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ መጀመር አለበት።

በገመዱ ላይ የሚነሱት ተቃውሞዎች ሊናቁ አይገባም። ገበሬው ሌሊት ውሻውን ካልፈታ ጅብና ሌባ ይደፍሩታል። ዘወትር የታሰረ ውሻ ይከፋል፣ ይሠቃያልም። ባለቤት የሌለውን ውሻ ማን ይይዘዋል? ትእዛዙንስ በገጠር ማን ያስፈጽመዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚስማማው መልስ ውሻን ሌት ተቀን እሰር ማለት አይደለም። በታጠረ ግቢ ውስጥ ሌሊት መፍታት ይቻላል፤ በገበያ ቀን፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ግን በገመድ ይያዝ፣ ካልሆነም ከቤት ይቅር። እንደ ሐሙሲት ባሉ የገበያ ከተሞች ከብዙ ቀበሌ የመጡ ሰዎችና ውሾች በአንድ ቀን ስለሚገናኙ፣ የገበያው ዕለት ለበሽታው መዛመት የሚያመች እንደ መሆኑ ለትምህርትና ለክትባት ቅስቀሳም ከሁሉ የተመቸ ቀን ነው። የሥጋ ተረፈ ምርት በየሜዳው እንዳይጣል ማድረግ ደግሞ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ቁጥር ያለ መርዝ ይቀንሳል።

ማስፈጸሙን በተመለከተም የአገሩ ልማድ ራሱ መንገድ ይሰጣል። ውሻው ሰው የነከሰበት ባለቤት በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ማሳከሚያ ሲከፍል ኖሯል። የቀበሌው ሽማግሌዎች፣ የዕድር ዳኞችና ካህናት ይህንኑ ዳኝነት ከንክሻው በፊት ወደ ነበረው ጊዜ ቢያሻግሩት፣ ማለትም «ውሻህን አስከትበሃል ወይ? ገበያ ስትወጣ ይዘኸዋል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ በብዙ ቦታ ከቅጣት ደንብ የበለጠ ይሰማል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የጤና ጣቢያው ባለሙያ ውሻ አይከትብም፤ ነገር ግን ስለ ውሻው የመጀመሪያውን ወሬ የሚሰማው እርሱ ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንዲሉ፣ ትንሽ የተባለች ጭረት ለቫይረሱ በቂ በር ናት። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ በማንኛውም ጤና ኬላ የሚቻል፣ ሕይወት አዳኝ ሕክምና ነው። ቁስሉን ከመስፋት መታቀብ፣ ክትባቱን ሳይዘገዩ መጀመር፣ ደም ለፈሰሰው ከባድ ንክሻ የእብድ ውሻ ኢሚዩኖግሎቡሊን ካለ መስጠት ይከተላሉ። ከዚህ በኋላ በሕክምና ካርዱ ላይ አንድ ጥያቄ ተጨምሮ ሊመዘገብ ይገባል፦ ውሻው የማን ነው? አሁን የት አለ? ታስሯል ወይስ ተገድሏል? ይህ መረጃ በዚያው ዕለት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከደረሰ በመንደሩ ሊነከሱ የነበሩ ሌሎች ሰዎች ይድናሉ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በየቤቱ ስትዞር ስለ ልጆች ክትባት እንደምትጠይቅ ሁሉ ስለ ውሻው ክትባት ብትጠይቅ ከሥራዋ አልራቀችም። በተለይ ቡችሎች «ገና ሕፃን ናቸው» ተብለው ከክትባት መቅረት የለባቸውም፤ ልጆች አብዝተው የሚያቅፉትና የሚጫወቱበት ቡችላን ነውና።

መደምደሚያ

ከኤሽኑና የሸክላ ጽላት እስከ ዛሬው የክትባት ዘመቻ ድረስ የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ደጋግሞ ያሳያል። ገመድ ያለ ክትባት በተራራማና ሰፊ አገር በሽታውን አያጠፋም፤ ክትባትም ሊያዝ የማይችልን ውሻ አያገኝም። መርዝ ደግሞ ሁለቱንም ያፈርሳል። ለኢትዮጵያ የሚበጀው እንግዲህ ውሻውን ከጌታው፣ ጌታውንም ከክትባቱ ጋር የሚያገናኝ አሠራር ነው።

የደጋው ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። በደጁ ለመጣ እንግዳ ውሻውን የመያዝ ግዴታ እንዳለበት ያውቃል፤ ሲጠራም ወጥቶ ይይዛል። የቀረው ነገር ይህንኑ ግዴታ ከደጃፉ አሳልፎ ወደ መንገዱና ወደ ገበያው ማውጣት ነው። በዚያ የሚያልፈው እረኛ፣ ተማሪና የጤና ሠራተኛ ባይጣሩም እንግዶች ናቸው።